ቤት ውስጥ የሰርኪዩት ቦርድ መሥራት፦ በጅማ እርጥበትና በልብስ ካውያ

ባለፈው ሐምሌ ሦስት ሰርኪዩት ቦርድ (የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ተበይደው በመዳብ መስመር የሚገናኙበት ጠፍጣፋ ሰሌዳ) በተከታታይ ተበላሸብኝ። መስመሩን ወረቀት ላይ አሳትሜ በካውያ መዳቡ ላይ ነው የምለጥፈው። ፋይሉ ያው ነው። ካውያው ያው ነው። ወረቀቱም ከጥር ወር የተረፈው ነው። በጥር ጥርት ብሎ የወጣው መስመር በሐምሌ እዚህም እዚያም ተላልጦ ቀረ። ቶነሩ፣ ማለትም የማተሚያው ቀለም፣ አረፋ ሠርቶ ይነሣል፤ አንዳንድ ቦታ ጭራሽ መዳቡን አልያዘም። መጀመሪያ ካውያውን ጠረጠርኩ። ቀጥዬ የታተመበትን ማሽን ጠረጠርኩ። ጥፋቱ ግን የወረቀቱ ነበር። መስኮት አጠገብ መደርደሪያ ላይ ከርሞ እርጥበት ጠጥቷል። ጅማ በክረምት ጨው እንኳ ዕቃው ውስጥ እንዳለ ይረጥባል፤ ወረቀት እንዴት ይተርፋል? ትኩስ ካውያ ሲያርፍበት ውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ይሆንና ቶነሩን ከመዳቡ ያላቅቀዋል። አራተኛውን ወረቀት ከማተሜ በፊት በካውያ አደረቅሁት። ቦርዱ አንድም መስመር ሳይጎድለው ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው። ቦርድ አሲድ ውስጥ ገብቶ አይበላሽም፤ ተበላሽቶ ነው አሲድ ውስጥ የሚገባው። ስለዚህ ከታች ስለ ጽዳት፣ ስለ ወረቀትና ስለ ካውያ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አትሰልቹ።

ይህን የማዘጋጀው ቬሮ ቦርድ (ቀዳዳው ተበስቶ የሚሸጥ ሰሌዳ) ላይ ሽቦ በሽቦ እያጠላለፉ ለሚቸገሩ ሰዎች ነው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ቂጦ ፉርዲሳ ካምፓስ ፕሮጀክት የሚሠራ ተማሪም ሆነ በጅማ መርካቶ አካባቢ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ባለሙያ፣ የሚያስፈልገው ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ቦርድ ነው። ለዚያ ውጭ አገር ማዘዝ ሳምንታት ይፈጃል። አዲስ አበባ ደግሞ 350 ኪሎ ሜትር ግድም ይርቃል። እቤት ግን ጠዋት የተጀመረ ትንሽ ቦርድ ማታ ላይ ተበይዶ ያልቃል።

ዘዴው እንዴት ነው የሚሠራው?

የምንጠቀመው ዘዴ ቶነር ማስተላለፍ ነው። የሌዘር ፕሪንተርና የፎቶ ኮፒ ማሽን ቀለም ቶነር ይባላል። ቶነር ደቃቅ የፕላስቲክ ዱቄት ነው። ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል። መስመሮቹን በቶነር ወረቀት ላይ እናትማለን። ወረቀቱን መዳብ በተለበጠ ቦርድ ላይ ገልብጠን በካውያ ስናሞቀው ቶነሩ ቀልጦ መዳቡን ይይዛል። ከዚያ ቦርዱን አሲድ ውስጥ ስንከተው አሲዱ ያልተሸፈነውን መዳብ ይበላል። ቶነር የሸፈነው መዳብ ይተርፋል። መስመራችን እሱ ነው። ቀለሙ ፈሳሽ በሆነ ኢንክጄት ፕሪንተር የታተመ ወረቀት ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኦስትሪያዊው ኢንጂነር ፖል አይስለር በ1936 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ለንደን ውስጥ በታተመ ሰርኪዩት ሬዲዮ ሠርቷል። የሚፈለገውን መዳብ ሸፍኖ የማይፈለገውን በኬሚካል ማስበላት ዛሬም ፋብሪካዎች የሚሠሩበት መንገድ ነው። እኛ የምንለየው መሸፈኛችን በካውያ በመለጠፉ ብቻ ነው።

ለምሳሌ የምንሠራው ቦርድ

መመሪያ ያለ ምሳሌ አይጨበጥም። ሲጨልም ራሱ የሚበራ፣ ሲነጋ ራሱ የሚጠፋ የ12 ቮልት መብራት እንሥራ። በረንዳ ላይ በሶላር ባትሪ ለሚሠራ አምፖል በጣም ይጠቅማል። 220 ቮልት ያለበትን ቦርድ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳትሞክሩ አደራ እላለሁ። መስመሮች ሲቀራረቡ የሚመጣው አደጋ ከ12 ቮልት ጋር አይወዳደርም።

ሰርኪዩቱ ይህ ነው። ብርሃን የሚያነብበው ኤልዲአር ከ12 ቮልት ይነሣና ከ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጋር ይገናኛል። የሬዚስተሩ ሌላ ጫፍ ወደ ግራውንድ (የባትሪው ኔጌቲቭ) ይሄዳል። የሁለቱ መገናኛ ሁለት ቮልቴጅ ወደሚያወዳድረው ባለ ስምንት እግር ቺፕ፣ ወደ ኤልኤም358 አይሲ፣ 2ኛ እግር ይገባል። የ10 ኪሎ ኦም ፖቴንሽዮሜትር (እየዞረ የሚስተካከል ሬዚስተር) ሁለት ጫፎች ከ12 ቮልትና ከግራውንድ ጋር ይያያዛሉ፤ መሃለኛው እግሩ ወደ አይሲው 3ኛ እግር ይሄዳል። ከ1ኛው እግር ወደ 3ኛው የ100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አድርጉ። ይህ ሬዚስተር ምሽት ላይ ብርሃኑ ገና እየዋለለ ሳለ ሪሌው (አምፖሉን የሚያበራና የሚያጠፋው በኤሌክትሪክ የሚሳብ ማብሪያ) ቀጭ ቀጭ እንዳይል ይከላከላል። 1ኛው እግር በ4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል የቢሲ547 ትራንዚስተርን ቤዝ ይነዳል። ኤሚተሩ ግራውንድ ላይ ነው፤ ኮሌክተሩ የ12 ቮልት ሪሌውን ጥቅል ይጎትታል። በሪሌው ጥቅል ላይ 1ኤን4007 ዳዮድ ገልብጣችሁ እሰሩ፤ ቀለበት ያለበት ጫፍ ወደ 12 ቮልት ይሁን። የአይሲው 8ኛ እግር 12 ቮልት፣ 4ኛው ግራውንድ ነው። ሁለተኛው የአይሲው ክፍል አይሠራም፤ 6ኛውን ከ7ኛው አገናኙና 5ኛውን ግራውንድ አድርጉት።

በ5 በ7 ሴንቲ ሜትር ቦርድ ላይ ይህ ሁሉ ተንቀባሮ ይገባል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ባዶው ቦርድ ሁለት ዓይነት ነው። ቡናማው ወረቀት ተጨምቆ የተሠራ ነው። ይረክሳል፣ ለመብሳትም ይቀላል፤ ግን ካውያ ሲበዛበት መዳቡ ይላቀቃል። ነጣ ወይም አረንጓዴ ያለው ኤፍአር4 የሚባለው ነው፤ ከብርጭቆ ጭረትና ከኢፖክሲ ይሠራል። የተለመደው ውፍረት 1.6 ሚሊ ሜትር፣ የመዳቡ ደግሞ 35 ማይክሮ ሜትር ነው። ካገኛችሁ ኤፍአር4 ውሰዱ፤ እርጥበትንም ሙቀትንም ይችላል። ጅማ ውስጥ ሁልጊዜ አይገኝም። ሸገር ለሚወርድ ሰው አደራ ስትሉ በአንድ ጊዜ ለብዙ ቦርድ የሚበቃ አስመጡ።

ሌላው ከቤትና ከሱቅ የሚሰበሰብ ነው። እንፋሎት የማይተፋ የልብስ ካውያ፣ አንጸባራቂ የመጽሔት ወረቀት፣ 600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ላርጎ፣ አሴቶን፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ፐርማነንት ማርከር፣ መርፌ፣ የጎማ ጓንት፣ ማስክና መነጽር፣ ሴጌቶ፣ ሞረድ፣ ትንሽ ትራፓኖ ከ0.8፣ ከ1፣ ከ1.3 እና ከ3.2 ሚሊ ሜትር ፑንታ ጋር፣ የብየዳ ካውያ፣ ሊድ (ቀልጦ የሚበይደው ሽቦ) እና ቴስተር። ለአሲዱ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ለብቻው መድቡ። ያ ዕቃ ከዚያ በኋላ ወደ ማዕድ ቤት አይመለስም።

መስመሩን መሣል

ኪካድ የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፋብሪካ የሚያስተካክለውን ስስ መስመር ለቤት ሥራ አትከተሉ። መስመራችሁ 1 ሚሊ ሜትር ይሁን። በመስመሮች መካከል ቢያንስ ግማሽ ሚሊ ሜትር ተዉ። 1 ሚሊ ሜትር መስመር በ35 ማይክሮ ሜትር መዳብ 2 አምፒር ሳይሞቅ ያሳልፋል። አምፖሉ የሚነዳበትን መስመር ግን 2.5 ሚሊ ሜትር ድረስ አስፉት። ፓዱን (የዕቃው እግር የሚበየድበትን ክብ መዳብ) 2 ሚሊ ሜትር አድርጉ፤ ትራፓኖው ትንሽ ቢስት እንኳ የሚበየድበት መዳብ ይተርፋል።

መስመሮች መሻገር ካቃታቸው ቦርዱን ሁለት ፊት ለማድረግ አትጨነቁ። የሬዚስተር እግር ቆርጣችሁ ከላይ ድልድይ አድርጉለት። በፊት ፊት ድልድይ ሥራውን የሚያስቀይም ይመስለኝ ነበር። አሁን ሁለት ፊት ቦርድ አገጣጥሜ ከማጠፋው ጊዜ ሦስት ድልድይ ይሻለኛል።

ባዶውን ቦታ በሙሉ በግራውንድ መዳብ ሙሉት። የሚበላው መዳብ ሲያንስ አሲዱም ይቆጠባል፣ ሥራውም ይፈጥናል። ቦርዱ ላይ አንድ ቃል መጻፍም አትርሱ፤ ለምሳሌ «ጅማ 1»። ለጌጥ አይደለም። ጥቅሙን አሁን ታዩታላችሁ።

የግልብጡ ጉዳይ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እኔም የመጀመሪያውን ቦርዴን ሙሉ ቀን ሠርቼበት አይሲውን ስሰካው 1ኛው እግር የ8ኛው ቦታ ላይ አረፈ። ወረቀቱ ተገልብጦ ስለሚለጠፍ፣ የታተመው ሥዕል ቦርዱ ላይ እንደ መስታወት ምስል ይዞራል። ዕቃዎቹ ከላይ፣ መዳቡ ከታች በሆነ ቦርድ የታችኛውን መዳብ ስታትሙ «ሚረር» የሚለውን ምርጫ አትንኩ። ኪካድ የታችኛውን ፊት የሚያሳየው ከላይ ሆኖ እንደሚታይ ነው። ስለዚህ ሲለጠፍ በራሱ ይስተካከላል። የላይኛውን መዳብ የምትሠሩ ከሆነ ብቻ ሚረር አድርጉ።

የጻፋችሁት ቃል መፈተሻ ነው። በታችኛው መዳብ ላይ የተቀመጠው «ጅማ 1» በታተመው ወረቀት ላይ ወደ ኋላ መነበብ አለበት። ወረቀቱ ላይ ቀጥ ብሎ ከተነበበ ተሳስታችኋል፤ አቁሙ።

ማተሚያ ቤት

ሥዕሉን በፒዲኤፍ ይዛችሁ ሂዱ። ለሚያትመው ልጅ ሦስት ነገር ንገሩት። አንደኛ፣ መጠኑ 100 ፐርሰንት ይሁን፤ «ፊት ቱ ፔጅ» የሚለው ከተመረጠ ሥዕሉ ያንሳል ወይም ይተልቃል። ሁለተኛ፣ ቶነር ቆጣቢው ይጥፋና ቀለሙ እስከ መጨረሻው ይጥቆር። ሦስተኛ፣ ቀዳዳዎቹ ትንሽ ነጭ ነጥብ ሆነው ይታተሙ። ይህን ሦስተኛውን እናንተው ኪካድ ላይ «ስሞል ማርክ» ብላችሁ ፒዲኤፉን ስታወጡ ታደርጉታላችሁ። ያ ነጥብ በኋላ ፑንታው የሚቀመጥባት ጎድጓዳ ትሆናለች።

ወረቀቱ ስስ፣ አንጸባራቂ የመጽሔት ገጽ ይሁን። በላዩ ላይ ያለው የመጽሔቱ ጽሑፍ አይጎዳም፤ እሱ አይለቅም። ለኢንክጄት የተሠራ የፎቶ ወረቀት ወደ ሰው ሌዘር ማሽን አታስገቡ። ልባሱ በሙቀት ቀልጦ ማሽኑ ውስጥ ሊጣበቅ ይችላል። ገጹን ከቤት ሳትወጡ በካውያ አድርቁ፤ ሁለቱንም ፊት ሠላሳ ሠላሳ ሰከንድ ይበቃዋል። ከዚያ ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ ውሰዱት። ከታተመም በኋላ በፌስታሉ መልሱት። ካፊያ ከነካው በቃ። የታተመበትን ፊት በጣት አትንኩ።

እዚያው ቆማችሁ አይሲውን ወረቀቱ ላይ አስቀምጡት። የስምንት እግር አይሲ ከ1ኛው እስከ 4ኛው እግር 7.62 ሚሊ ሜትር ነው። እግሮቹ ፓዶቹ ላይ ልክ ካረፉ መጠኑ ትክክል ነው። ሦስት አራት ቅጂ አሳትሙ፤ ለአንድ ቦርድ ሁለት ጊዜ መመላለስ አያስፈልግም።

መዳቡን ማጽዳት

ቦርዱን በሴጌቶ ከሥዕሉ በየጎኑ ግማሽ ሴንቲ ሜትር አትርፋችሁ ቁረጡት። ጠርዙን በሞረድ አስተካክሉ። መጋዝ የተወው ትንሽ እሾህ እንኳ ወረቀቱን ከመዳቡ ያርቀዋል።

ከዚያ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት፣ በውሃ እያራሳችሁ፣ በክብ በክብ አሹት። መዳቡ በጅማ አየር ቶሎ ይጠቁራል። የጠቆረውን በአቸቶና በትንሽ ጨው ማሸት ይረዳል። በመጨረሻ በላርጎ እጠቡትና በብዙ ውሃ አለቅልቁት።

አሁን ቦርዱን አዘንብላችሁ ውሃ አፍስሱበት። ውሃው እንደ ጎደሬ ቅጠል ላይ እየተንከባለለ ጠብታ ከሠራ ዘይት አለበት፤ እንደገና እጠቡ። ውሃው እንደ ስስ ሻሽ ሙሉ ፊቱን ሸፍኖ ከቆየ ንጹሕ ነው። ከዚህ በኋላ በጠርዙ ብቻ ያዙት። እጃችሁ ንጹሕ ቢመስላችሁም ከጣት የሚወጣው ቅባት ቶነር እንዳይዝ ያደርጋል። በንጹሕ ጨርቅ አድርቃችሁ በአሴቶን አንዴ ጥረጉትና ወዲያው ወደ ካውያው። ለነገ ብላችሁ አታሳድሩት።

ካውያው

ጠረጴዛ ላይ ጣውላ፣ በጣውላው ላይ የታጠፈ ጨርቅ አንጥፉ። ካውያው ለጥጥ ልብስ በሚሆነው የመጨረሻ ሙቀት ይሁን፤ ውሃ ማጠራቀሚያው ባዶ ይሁን። ባዶውን ቦርድ መጀመሪያ ለብቻው ለግማሽ ደቂቃ አሙቁት። ከዚያ ወረቀቱን የታተመበት ፊት ወደ መዳቡ አድርጋችሁ በእርጋታ አስቀምጡ። ትኩስ መዳብ ላይ ወዲያው ይይዛል፤ ስለዚህ ካረፈ በኋላ ለማስተካከል አትሞክሩ።

ለአንድ ደቂቃ ካውያውን ሳታንቀሳቅሱ በሰውነታችሁ ክብደት ተጫኑት። ቀጥሎ ሦስት ወይም አራት ደቂቃ በካውያው ጫፍ ቀስ እያላችሁ ከመሃል ወደ ዳር ሂዱ። ጠርዙንና ማዕዘኑን ደጋግሙት፤ ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው እሱ ነው። ሲበቃ ታውቁታላችሁ። ወረቀቱ ገርጣ ይልና መስመሮቹ ከጀርባው እንደ እጅ ደም ሥር ብቅ ይላሉ። ከዚህ በላይ ከተጫናችሁት ቶነሩ ይጨፈለቅና መስመሮች ይገናኛሉ።

መሃል ላይ መብራት ቢሄድስ? አትደንግጡ፣ ወረቀቱንም አትላጡ። ካውያው ያለው ሙቀት እስኪወርድ ተጫኑት፣ ከዚያ ሁሉንም እንዳለ ተዉት። መብራት ሲመጣ እንደገና አሙቁት። ቶነር ሁለቴ ቢቀልጥ ችግር የለበትም። የከሰል ካውያም ሞክሬያለሁ። ሙቀቱ አንዱ ቦታ በዝቶ አንዱ ቦታ ያንሳል፤ አልመክርም።

ቦርዱ ለብ እስኪል አቀዝቅዙና ለብ ያለ ውሃ ላርጎ ጠብ አድርጋችሁ ክተቱት። ቡና ተቆልቶ እስኪወቀጥ ድረስ ይቆይ፤ ሃያ ደቂቃ ግድም ማለት ነው። መቸኮል እዚህ ላይ ብዙ ያስከፍላል። ወረቀቱን ይዞ መሳብ መስመሩን ይዞ ይመጣል። በአውራ ጣት ሥጋ ብቻ፣ በጥፍር ሳይሆን፣ በክብ እያሻሻችሁ ግፉት። ወረቀቱ ደቃቅ ክር ክር እየሆነ ይጠቀለላል። ሁለት ሦስት ጊዜ ውሃ ለውጡ። በቶነሩ ላይ የቀረ ነጭ ጭረት አይጎዳም። በመስመሮች መካከልና በፓዱ ቀዳዳ ውስጥ የቀረውን ግን በጥርስ ብሩሽ አውጡት።

አድርቁትና ከፀሐይ ፊት ለፊት እያዘነበላችሁ ተመልከቱት። የተቆረጠ መስመር ካለ በማርከር ሁለቴ ደርቡበት። የተገናኘ ካለ በመርፌ ጫፍ ፋቁት። ብዙ ቦታ ከተበላሸ አትጠግኑት። ቶነሩን በአሴቶን ጠርጋችሁ ከጽዳት ጀምሩ። አሥር ደቂቃ ነው የሚጠፋባችሁ፤ ቦርዱ ግን ይተርፋል።

መዳቡን ማስበላት

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ፈሪክ ክሎራይድ ነው። ሰው አሲድ ይለዋል፤ በእርግጥ የብረት ጨው ነው፤ ውሃው ግን አሲድ ይሆናል። በቁራጭ ወይም በዱቄት ከተገኘ 100 ግራሙን በ200 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጡ። ሁልጊዜ ውሃው ላይ እሱን ጨምሩ፣ በትንሽ በትንሹ። ሲሟሟ ይሞቃልና ውሃውን በዱቄቱ ላይ ማፍሰስ ይፈናጠራል። የብረት ሳህን፣ ጣሳ ወይም ማንኪያ አታስነኩት፤ እሱንም ይበላዋል። የነካው ልብስ አይለቅም። ግቢ ውስጥ ነጠላ ተሰጥቶ ከሆነ ሌላ ቦታ ሥሩ።

የፕላስቲክ ዕቃውን ሙቅ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጡት። አሲዱ ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ሲሞቅ ሥራው ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ያልቃል። በጅማ የክረምት ምሽት ሳታሞቁት ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ሊያስጠብቃችሁ ይችላል። ቦርዱን መዳቡን ወደ ታች አድርጋችሁ በአሲዱ ፊት ላይ ቀስ ብላችሁ አንሳፍፉት። የተበላው መዳብ ወደ ታች ስለሚወርድ አዲስ አሲድ ይደርሰዋል። ከሥሩ አየር እንዳይታፈን አንዴ አንሡና መልሱት። አልንሳፈፍ ካለ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ዕቃውን እንደ ሕፃን አልጋ ቀስ ቀስ አወዛውዙ።

መዳቡ መጀመሪያ ወደ ሮዝ ይደበዝዛል። ከዚያ ከዳር ጀምሮ ይጠፋል፣ ከመሃል በመጨረሻ። የመጨረሻው ነጥብ ሲጠፋ ወዲያው አውጡት። ከረሳችሁት አሲዱ በጎን ከቶነሩ ሥር ይገባና መስመሩን ያቀጥነዋል።

ፈሪክ ክሎራይድ ካላገኛችሁ ሁለተኛው መንገድ ከፋርማሲ ነው። 100 ሚሊ ሊትር የ3 ፐርሰንት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ 30 ግራም ሲትሪክ አሲድና 5 ግራም የምግብ ጨው። ሲትሪክ አሲዱን መጀመሪያ አሟሙ፣ ጨውን በመጨረሻ። ለምሳሌያችን ቦርድ ይበቃል። ልብስ አያበላሽም፤ ውሃው ሰማያዊ እየሆነ ሲሄድ መሥራቱን ታያላችሁ። የዕለት ነው። ጋዝ ስለሚያወጣ ክዳኑን አጥብቃችሁ አታስቀምጡት፤ ይፈነዳል።

ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። በረኪና ከነዚህ ፈሳሾች ጋር በጭራሽ አይገናኝ። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲቀላቀል ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ሳንባ ያቃጥላል። ሁለተኛ፣ አሲዱን በሃይላንድ አታስቀምጡ። ሕፃን ወይም የደከመው እንግዳ ውሃ መስሎት ያነሣዋል። ሌላ መልክ ባለው ዕቃ አድርጋችሁ፣ ስሙን በትልቁ ጽፋችሁ ቁልፉበት።

የተረፈው ፈሳሽ

ይህን ለብቻው ያወጣሁት ስለሚያሳስበኝ ነው። ፈሪክ ክሎራይድ አሥር ትንንሽ ቦርድ ይሠራል። ከዚያ ወደ ጥቁር አረንጓዴ ሄዶ ይዳከማል። ውስጡ አሁን በመዳብ የተሞላ ነው። መዳብ ለዓሣና ለውሃ ነፍሳት መርዝ ነው። ቦይ ውስጥ የፈሰሰ ነገር አንድ ዝናብ ሲመጣ ወደ አዌቱ ወንዝ ነው የሚሄደው። ከታች ልብስ የሚያጥቡ፣ ከብት የሚያጠጡ ሰዎች አሉ። ጓሮም አይደፋ፤ አፈሩ ውስጥ ይቀራል።

ፈሳሹ ላይ ቤኪንግ ሶዳ በማንኪያ እየጨመራችሁ ጠብቁ። ይንተከተካል፤ ስለዚህ ሰፊ ዕቃ ይሁን። አረፋው ሲያቆም አሲዱ ሞቷል፣ መዳቡም እንደ አተላ ሥር ይዘቅጣል። ዕቃውን ሳትከድኑ፣ ልጅና ዶሮ በማይደርስበት ጣሪያ ሥር አስቀምጡትና ውሃው በራሱ ይድረቅ። በበጋ ጥቂት ሳምንት ይበቃዋል። የቀረውን ዝቃጭ ከሲሚንቶ ጋር አቡኩት። ድንጋይ ሲሆን ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይወገዳል። የፐርኦክሳይዱንም ውሃ እንዲሁ አድርጉት።

መብሳት

ቶነሩን በአሴቶን ጥረጉና ቦርዱን ወደ መብራት አንሥታችሁ ተመልከቱት። ስንጥቅ ካለ አሁን ይታያል። በቴስተርም አጠራጣሪውን መስመር ሁሉ ፈትሹ።

ለሬዚስተር፣ ለትራንዚስተርና ለአይሲ 0.8 ሚሊ ሜትር ፑንታ። ለ1ኤን4007 ዳዮድ 1 ሚሊ ሜትር። ለሪሌውና ለሽቦ ማሠሪያው 1.3 ሚሊ ሜትር። ለብሎን 3.2 ሚሊ ሜትር። ካርባይድ ፑንታ ኤፍአር4ን እንደ ቅቤ ይበሳል፤ ግን ጠንካራ እንጂ ተጣጣፊ አይደለም። በእጅ የተያዘ ትራፓኖ ትንሽ ካዘመመ ይሰበራል። ማቆሚያ ከሌላችሁ ተራውን የብረት ፑንታ ውሰዱ፤ ቶሎ ቢዶለዱምም አይሰበርም። ከሥር ጣውላ አድርጉ። የብርጭቆው ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም፤ ማስክና መነጽር አድርጉ፣ ሲያልቅም በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ብየዳና ሙከራ

ከአጭሩ ወደ ረጅሙ በይዱ። ድልድዮቹ፣ ሬዚስተሮቹ፣ ዳዮዱ፣ የአይሲው ሶኬት፣ ትራንዚስተሩ፣ በመጨረሻ ሪሌውና ማሠሪያው። ካውያው ፓዱንም እግሩንም አንድ ላይ ይንካ። ሊዱን ወደ መጋጠሚያው እንጂ ወደ ካውያው አታቅርቡ። ሦስት ሰከንድ ይበቃል። ቤት የተሠራ ቦርድ መከላከያ ቀለም ስለሌለው ፓዱ ካውያ ሲበዛበት ይነሣል። ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የምንበላው በእጃችን ነው፤ በሊዱ ውስጥ ያለው እርሳስ መርዝ ነው።

አይሲውን ሳትሰኩ 12 ቮልት ስጡትና በሶኬቱ 8ኛና 4ኛ እግር መካከል ለኩ። 12 ቮልት ካነበበ አጥፉና አይሲውን ስኩ። እንደገና አብሩትና ኤልዲአሩን በመዳፋችሁ ሸፍኑት። ሪሌው ቀጭ ካለ ፖቴንሽዮሜትሩን ቀስ እያላችሁ አዙሩና ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ግድም እንዲነሣ አስተካክሉት። ኤልዲአሩ የራሱን አምፖል ብርሃን እንዳያይ ዞር አድርጉት። አለበለዚያ ይበራል፣ ነጋ ብሎ ይጠፋል፣ እንደገና ይበራል።

አንድ ሥራ ቀረ። በጅማ ያልተሸፈነ መዳብ በአንድ ክረምት አረንጓዴ ያበቅላል። መስመሮቹን በሙሉ በስሱ ሊድ ቀቡ። ከዚያ የመዳቡን ፊት በአልኮልና በብሩሽ አጽድታችሁ፣ ሮዚን (ለብየዳ የሚያገለግለው የዛፍ ሙጫ) በአልኮል ሟሙቶ በስሱ ሁለት ጊዜ ይቀባ። እስኪደርቅ አንድ ቀን ተዉትና ከውሃ ርቆ ባለ ሳጥን ውስጥ እሰሩት።